እናቴ «አንሺልኝ» ያለች ቀን

አስተማሪ ሆኜ ዲላ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት እናቴ ዓይኗን ልትታከም ከጨለለቅቱ መጥታ እኔ ዘንድ አንድ ሳምንት ሰነበተች። የማስተምረው አማርኛ ነው። እሷ አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ነው። አማርኛን የለቀመችው ከጎለመሰች በኋላ ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ትላለች። እኛ ልጆቿ ለምደነዋል። እንደ እሷ የሚናገር ሰው በአገራችን ሞልቷል።

ስትመለስ እስከ ቤቷ ላደርሳት ጆንያዋን ይዤ አብሬያት ተነሣሁ። መናኸሪያ ያገኘነው ቅጥቅጥ ሊሞላ የቀረው ሁለት ቦታ ብቻ ነበር። አንዱ ከኋላ ነው፤ ሌላው መሃል ላይ፣ ቦርሳውን ወንበሩ ላይ ካስቀመጠ ጎልማሳ አጠገብ። ጃኬት የለበሰ፣ ጫማውን ያስወለወለ፣ የተማረ የሚመስል ሰው ነበር። እናቴ ጎንበስ ብላ፣

«ልጄ፣ ቦርሳሽን አንሺልኝ» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። «አንሺልኝ? ሴት መሰልኩሽ?»

ምን እንዳስቆጣው አልገባትም። «አትቆጪ ልጄ፣ ልቀመጥ ብዬ ነው» አለችው በትሕትና።

መኪናው በሳቅ አውካካ። ሰውየው ግን አልሳቀም። ቦርሳውን መንጭቆ አነሣና ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ፣ «ወንድና ሴት ሳይለዩ ልጅ ይፈለፍላሉ!» አለ።

ክው አልኩ። ጆንያዋን እንደታቀፍኩ መተላለፊያው ላይ ደርቄ ቀረሁ። እናቴን እንዲህ የደፈራት ሰው አይቼ አላውቅም። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ ቃል ጠፋኝ። ቀን ሙሉ በአማርኛ ሳወራ የምውለው ሴትዮ! የባሰው ደግሞ፣ ከኋላ ወንበር ያለች ሴት እየሳቀች ስታየኝ እኔም ፈገግ አልኩላት። ለምን እንዳደረግኩት ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል። ልጇ መሆኔ እንዳይታወቅ ፈልጌ ይሆናል። እናቴ በዚያች ቅጽበት ዞር አለች፤ ፊቴን አየችው።

እሷ ተቀመጠች፤ እኔም የኋላውን ቦታ ያዝኩ። እስከ ይርጋ ጨፌ አንገቷን እንኳ አላዞረችም።

ይርጋ ጨፌ ላይ ሰውየው ሊወርድ ተነሣ። እናቴ ጉልበቷን አላነሣችለትም። ዝግ ባለ ድምፅ፣ ቃል በቃል እየፈለገች፣ «እኔ ስምንት ወለድኩ። ሁለት ቀበርኩ። ወንድና ሴት አውቃለሁ። ያላወቅኩት አማርኛ ነው» አለችው።

ሾፌሩ እንኳ በመስታወቱ አያት። ሰውየው «እሺ፣ አሳልፊኝ» አለ፤ ድምፁ ቀጥኗል። ጉልበቷን ሰብሰብ አድርጋ አሳለፈችው። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ «ይበለው! ይበለው!» ሲሉ ሰማሁ።

ጨለለቅቱ ወርደን ጆንያውን ተሸክሜ ከጎኗ ስሄድ በጌዴኦኛ ጠየቀችኝ።

«አንቺም ሳቅሽ?»

«ኧረ እኔ አልሳቅኩም» አልኳት።

ማታም አብልታኝ፣ አልጋዋን ለቃልኝ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን እኔ ባለሁበት አማርኛ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ሲመጣ በጌዴኦኛ ትናገርና ወደ እኔ ትመለከታለች። እኔም እተረጉምላታለሁ።