የጣቶቼ ምልክት ዓሣው ጀርባ ላይ

ዛሬ ደምበጫ፣ በአጎቴ የዓሣ ኩሬ ዳር ቆሜ የራሴን አራት ጣቶች አንድ ዓሣ ጀርባ ላይ አየሁ። የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ በጣቶቼ ቅርጽ በቅሎበታል።

ባለፈው ሳምንት አብሬው ፎቶ ልነሳ ብዬ ስይዘው አሙለጨለጨኝና በደረቅ ፎጣ ጭብጥ አደረግሁት። (ፎቶውን ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ ተባባሪዎቼ ናችሁ።)

«ጋሼ፣ ይሞት ይሆን?» አልኳቸው አጎቴን።

«ያ የሚያሙለጨልጨው ልብሱም መድኃኒቱም ነው፤ አንቺ ገፈፍሽበት» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «ሁለተኛ እጅሽን ሳታርሺ ዓሣ እንዳትነኪ።»

በኋላ ቤት ገብቼ ሳነብ እውነታቸውን ነው። የዓሣ ቆዳ ያንን ዝልግልግ ነገር ሳያቋርጥ ያመነጫል። ውስጡ ጀርም የሚገድሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ አሮጌው ሲታጠብም የያዘውን ጀርም ይዞ ይሄዳል።

እኔ መድኃኒት ቤት ቆሜ አንቲባዮቲክ ስሰጥ የምውል ሰው፣ ድፍርስ ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ እንዴት ጤነኛ እንደሚሆን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

ኩሬው ዳር ሳለን እንደነገሩኝ፣ አጎቴ ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጨው ባለበት ባልዲ እያቆዩ ሲያክሙት ሰንብተዋል። ሻጋታው እየሳሳ ነው።

«የቀረውን ራሱ ይሠራዋል» ብለው ከባልዲው አውጥተው ወደ ኩሬው መለሱት። ፍሩሽካ ሲበትኑ እሱም ከሌሎቹ ጋር ሊበላ ብቅ አለ። እኔም ተንፈስ አልኩ።

እናንተስ ባለማወቅ ነክታችሁ የጎዳችሁት፣ በኋላ ግን ያስደነቃችሁ ፍጥረት አለ? ጻፉልኝ፤ በጥፋቴ ብቻዬን አታስቀሩኝ።