ሳትዳብስ የማታነሳ ራጅ አንሺ

ውቢትን ዘገምተኛ ናት ይሏታል። ታናድዳለች፣ ምን ይደበቃል! እኔ ኤልፍነሽ እዚሁ አትላንታ እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ሕመምተኛ በዊልቸር እገፋለሁ። ሌላው ራጅ አንሺ ሦስት ሰው ሲጨርስ የእሷ አንዱ ገና ነው። ደረቴን አመመኝ ያለ ሰው ሁሉ የቱ ጋ እንደሆነ በአንድ ጣቱ ያሳያታል፤ እሷም ቦታውን ዳብሳ ነው የምታነሳው። ኮሌጅ ፓርክ ከተማ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈች የተማረችው ሙያ ነው፤ እኔ ነኝ ያለ አለቃ አያጣድፋትም።

በ2014 ኅዳር ላይ እማማ የሺእመቤትን ይዤላት ገባሁ። ሰባን ያለፉ ባልቴት ናቸው። ከስኔልቪል ያመጣቻቸው ልጃቸው ሄርሜላ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል ለሐኪሞቹ ታስተረጉምላቸዋለች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ስትረስ፣ ጭንቀት ነው፣ ሌላ ነገር የለባቸውም ትላለች። ሥራ ረፈደብኝ ስትል በሆዴ ረገምኳት።

ውቢት ሄርሜላን ወደ መጠበቂያው ክፍል ላከቻት። እማማ ግን ሕመሙን በጣት አሳዩ ሲባሉ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ከማዞር በቀር ምንም አላሉ፤ መዳበስም አልፈቀዱም። ቸግሯት እንደነገሩ ከፊት አነሳቻቸው። ራጁ ንጹሕ ሆነ። የልባቸውም ምርመራ ደህና ስለነበር፣ ወደ ቤታቸው መሸኘታቸው ነው።

ሊነሱ ሲሉ ቀኝ ጎናቸውን ጨበጡ። ቀሚሳቸው ሲሰበሰብ ጉልበታቸው ጠቁሮና ተላልጦ ታየ።

«እማማ፣ ስግደት ላይ ነዎት?» አለቻቸው ውቢት።

ቀሚሳቸውን ጎተት አድርገው ጉልበታቸውን ሸፈኑ። ንስሐ ከአባት ጋር እንጂ ከሰው ጋር አይወራም። በኋላ ግን እንባቸው ቀደማቸው። ልጃቸው አቤኔዘር እሳቸው ያልወደዷትን ሴት ስላገባ፣ ሁለት ዓመት ስልኩን አላነሱለትም። ሳይታረቁት በመኪና አደጋ ሞተ። የንስሐ አባታቸው በቀን አርባ ስግደት ሰጧቸው፤ እሳቸው በራሳቸው ሁለት መቶ አደረጉት። ባለፈው ሳምንት ጉልበታቸው ከዳቸውና አልጋ ጠርዝ ላይ ወደቁ። ከዚያ ተነሥተው፣ ወይ ጉድ፣ የቀረውን ሞሉ።

አሁን ጎናቸውን ሰጧት። ውቢት አንድ በአንድ ዳበሰች። የሚያማቸው ቦታ ስትደርስ ትንፋሻቸው ተቆረጠ። ለዶክተሩ ደውላ የጎድን ራጅ አሳዘዘች፤ ቦታው ላይ ትንሽ የብረት ምልክት ለጥፋ፣ ገደድ አድርጋ አቁማ አነሳቻቸው። ምልክቱ አጠገብ ሁለት ጎድን ተሰንጥቋል። ደግመው ከወደቁ አጥንቱ ሳንባቸውን ሊወጋ እንደሚችል ዶክተሩ ተናገረ፤ ስግደት ቀርቶ ማጎንበስም ተከለከሉ።

ሕመማቸውን ረሱት። «ለልጄ የቀረውን ማን ይሰግድለታል?» አሉ።

ውቢት ምልክቱን ከጎናቸው ቀስ ብላ አላቀቀች። «ለሄርሜላ ይንገሯት፤ የእሷም ወንድም ነው።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለክትትል ተመለሱ። አዲስ ስብራት የለም፣ አጥንቱም መያያዝ ጀምሯል። ስግደቱን የንስሐ አባታቸውም እንደከለከሏቸው፣ ለሄርሜላም ሁሉን እንደነገሯት ነገሩን። ሄርሜላን ልጠራት መጠበቂያው ክፍል ሄድኩ። ስልኳ በእጇ አልነበረም። ልትነሳ ስትል ሁለት እጇን ጉልበቶቿ ላይ ተደግፋ፣ ጥርሷን ነክሳ ቀና አለች። የእማማ ጉልበት ትዝ አለኝ። በሆዴ የረገምኳት ነገር አሳፈረኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ስንገባ ውቢት አረማመዷን አየች። ወንበር ሳበችላት።