እልልታ የሌለው ግቢ

ስልኩ የተደወለው ረፋዱ ላይ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ ነበር። ኮምቦልቻ የምትኖረው የልጄ ጎረቤት ናት። «ቶሎ ይምጡ!» ከማለቷ መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው።

ልጄ ወሯ ገብቶ ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ከሆንኩ ለሕፃኑ አዛን የሚያሰሙልኝ እርስዎ ነዎት ብሎ አደራ ሰጥቶኛል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን አዛኑ አልነበረም። የመጀመሪያ ልጇ ወንድ ነበር፤ ሳይተነፍስ ነው የተወለደው። ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ የተቀበለኝ ዝምታ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ሹፌሩ ሙዚቃ ከፍቶ ከረዳቱ ጋር ይሳሳቃል። ወላሂ አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ! «የፈሩት ይደርሳል» የሚለው ተረት አፌ ላይ እየመጣ አስቸገረኝ፤ በዱዓ መለስሁት።

የልጄ ደጃፍ በጫማ ተሞልቷል፤ ድምፅ ግን የለም። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አንዷ አየችኝና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ምን ሆነች?» አልሁ።

የደወለችልኝ ጎረቤቷ ከውስጥ ወጣች። ማተብ ያሰረች፣ ቀጭን ክርስቲያን አሮጊት ናት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በምልክት አስገባችኝ። ልጄ አልጋው ላይ ተደግፋ ትስቃለች! ደረቷ ላይ አንዲት ጨቅላ ትንቀሳቀሳለች።

«አባዬ፣ ሴት ናት» አለችኝ።

ድንጋጤዬ በአንዴ ቁጣ ሆነ። «ታዲያ እልልታው የት ገባ? ሴት ስለሆነች ነው?»

«ኧረ ወዲያ!» አለች አሮጊቷ። «የእናንተ ልጅ መጀመሪያ የምትሰማው አዛን አይደል? አባቷ የለ፤ አያቷ ሳይደርሱ ማን አፉን ይከፍታል? የወለደችበትን የጤና ጣቢያ ሰዎች አፍ መያዝ አልቻልሁም፤ የሰፈሩን ግን ቤት ከገባን ጀምሮ ይዤዋለሁ።»

አፈርሁ። ስንት ሼህና ስንት አዋቂ አይቻለሁ፤ የእኔን ሃይማኖት እንዲህ የጠበቀልኝ ግን ይህች ማተብ ያሰረች ሴት ናት። እሷን የመሰለ ጎረቤት ለልጄ የሰጠ አላህ ይመስገን።

ሕፃኗን ተቀብዬ ወደ ቂብላ ዞርሁ፤ በቀኝ ጆሮዋ አዛኑን አሰማኋት። ዓይኗን ጨፍና ዝም አለችልኝ።

ስጨርስ አሮጊቷ አንገቷን ቀና አድርጋ እልልታዋን ለቀቀችው። ሴቶቹም ተከተሏት። ለሴት ሦስት ነውና ሦስት ብለው አቆሙ። እሷ ግን አላቆመችም፤ አሥር ሞላች።

«እማማ፣ ለወንድ እንኳ ሰባት ነው እኮ!» አለቻት አንዷ እየሳቀች።

«አውቃለሁ» አለች አሮጊቷ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች። «ሦስቱ የእሷ ነው። ሰባቱ ለዚያኛው ሳንል የቀረነው ነው።»