የክርስትና ስሙን የጠየቁን ዕለት

ባሌ ወደ መርከቡ ከመመለሱ በፊት አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር ጣሪያ ላይ ያለውን የውኃ ሮቶ ማጠብ ነበር። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የሮቶው ሥር ጭቃ ይዞ ነበር። እሱ ቁምጣ ለብሶ ውስጡ ገባ፤ እኔ ከላይ ባልዲ አቀብለዋለሁ።

«መርከብ ላይም ታንከር፣ ቤትም ታንከር፤ ዕረፍቴ የታለ? ደመወዜስ?» አለ፣ ድምፁ እያስተጋባ።

«ደመወዝህን እዚያው ጠይቅ። እዚህ በነፃ ነው።»

«ምሳ እንኳ የለም?»

«ሽሮ አለ።»

«ዓሣ ብቻ አይሁን እንጂ ምንም ይሁን!»

በማግስቱ ከቦሌ በረረ።

የመርከብ መካኒክ ነበር። መርከቡ ከኦማን ወደቦች ሲሚንቶና ሩዝ እየጫነ ጅቡቲ ያራግፋል። ወደብ ሲጠጉ ስልኩ ኔትወርክ ስለሚያገኝ ያን ጊዜ የድምፅ መልእክት ይልክልኛል። እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን በዚያ ዳርቻ ባሕሩ ይከፋል። ትንንሾቹ ጀልባዎች ወደብ ውስጥ ታስረው ይከርማሉ፤ ትልልቆቹ ግን ሥራ አይፈቱም። በመጨረሻው መልእክቱ ከጀርባው ጫኝና አውራጆቹ በዐረብኛ ሲጯጯሁ ይሰማል። እሱ ግን ዝናቡ ሳይብስ ጣሪያውን እንዳስጠግን ነበር የሚነግረኝ።

መርዶውን የእድር ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ አመጡልኝ። ማዕበል ከመርከቡ ላይ ጠርጎ ወስዶታል፤ ፈልገው አላገኙትም። ድንኳን ተጣለ፣ እኔም ፎቶውን አቅፌ ተቀመጥኩ። አብረውን የሚኖሩት እናቱ ግን ጥቁር አልለብስም አሉ።

«ልጄ ዋና ይችላል» ይሉታል ሊያጽናና የመጣውን ሁሉ። «አንዱ ዓሣ አጥማጅ አንሥቶት ይሆናል። የዚያ አገር ሰው ደግ ነው ብሎኛል።»

ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ቄስ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሙን ጠየቁ። ያን ስም የምናውቀው እናቱና እኔ ብቻ ነበርን። ቄሱ ወደ እናቱ ዞሩ።

«አልሰጥም፣ አባ። ቆሞ ለሚሄድ ሰው ፍትሐት ይደረጋል?»

«እናቴ፣ ነፍሱ ጸሎት ትሻለች።»

«በሕይወት ላለ ሰውም ጸሎት አለ። እሱን ይጸልዩለት!» አሉና እጄን ጨብጠው ያዙኝ። «አንቺም እንዳትሰጪ። ስሙን ከሰጠሽ እኮ ቀበርሽው።»

አልሰጠሁም። ቄሱም ጸበላቸውን ረጭተው ሄዱ። ድንኳኑ ተነሣ፣ ለቀስተኛውም እየሳሳ መጣ። አርባው ሲቃረብ ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና ቄሱን ግቢው ውስጥ አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። መቃብር ያጣ ሰው ጸሎትም ይጣ እንዴ? እያልኩ ነበር በልቤ። ከዚያ ስሙን ነገርኳቸው።

ቤት ስመለስ ያደረግሁትን ለእናቱ አልደበቅኋቸውም። አልጮሁም።

«እኔ ወለድኩት፤ አንቺ ቀበርሽው» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ቀን እህል አልቀመሱም። በማግስቱ ጠዋት «ነጠላዬን አቀብይኝ» አሉኝ። ጥቁሩን አውጥቼ ብሰጣቸው በእጃቸው ገፋ አድርገው ነጩን አሳዩኝ። ነጩን አለበስኳቸው።

ፍትሐቱ ደርሷል። አሁን ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን። እሑድ እሑድ እጃቸውን ይዤ ቅዳሴ አደርሳቸዋለሁ። በባሕርና በየብስ ለሚጓዙት ሲጸለይ እሳቸው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እኔም ከጎናቸው ቆሜ አንገቴን እደፋለሁ።