ባዶ መሆን የነበረበት የሱሉልታ መንገድ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሰበታ

የመኪና ውድድር ላይ ልሄድ ነው ስል የሚያውቀኝ ሁሉ ሳቀብኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ሰበታ ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር ሸጬ የምኖር ሴት ነኝ፤ መኪና ለእኔ ዕቃ ጭኖ መጥቶ ሱቄ በር ላይ የሚያራግፍ ነገር ነው። ግን የወንድሜ ልጅ ፌቨን ትወዳደራለች። ውድድሩ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ነው። ጣራ በሌላት፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ትንሽ መኪና፣ ሱሉልታ ውስጥ ለሁለት ቀን በተዘጋ አስፋልት ላይ ይሽቀዳደማሉ። ፌቨን በሚመጣው ወር አሥራ ስምንት ትሞላለች። ከዚያ ወዲያ ያለው የአዋቂዎች ውድድር ትልቅ መኪና ይጠይቃል፤ እሱን ከየት አባቷ ታመጣዋለች? ስለዚህ ይሄ የመጨረሻዋ ነው። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቅዳሜና እሁድ ጭነት ስለያዘ፣ አብሯት ትልቅ ሰው መኖር አለበት ብሎ እኔን ለመነኝ። ሱቁን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ወጣሁ።

በዓለም ገና አድርገን አየር ጤና እስክንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ከረዳቱ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር። ከታሪፉ በላይ ጠየቀን፤ ለምን ስለው መንገዱ ተቆፍሯል አለኝ። የቆፈርኩት እኔ እመስላለሁ? ፌቨን በመስኮት በኩል ዞራ ትስቃለች። ገና ሳንደርስ ጉልበትሽን አትጨርሺ አለችኝ። ያኔ ቀልዷን መስሎኝ ነበር።

ቡራዩ

መኪናዋ ያለችው ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አንድ የብየዳ ቤት ነው። ባለቤቱ ኦቦ ለሚ የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ እየሠሩ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ከፌቨን ጋር ሆነው፣ እሷ ከትምህርት በምታርፍበት ቀን ሁሉ፣ ቱቦ እየቆረጡና እየበየዱ መኪናዋን ከባዶ አቆሟት። ሞተሯ ከሞተር ሳይክል የወጣ ነው። ጎማዎቿ መሸፈኛ የላቸውም፣ ከአካሏ ውጭ ቆመዋል፤ ቁመቷ ከጉልበቴ ብዙም አያልፍም። እዚህ ውስጥ ሰው ይገባል ብዬ አላመንኩም ነበር። ፌቨን ግን ገባችበት፤ መቀመጥ ሳይሆን መተኛት ነው የሚባለው። አገጯ ከመሪው በላይ ትንሽ ብቅ ብሎ ይታያል።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ ለሚ" አልኳቸው፤ ኦሮምኛዬ ከሰላምታና ከገበያ ብዙም አያልፍም። "ነጋ፣ ነጋ"፣ ሰላም ነው ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። በተኮናተሩት አይሱዙ ላይ መኪናዋን ጭነን፣ በገመድ ጠፍረን፣ እኛ ጋቢና ተጨናንቀን ተነሳን።

በአስኮ ወጥተን፣ በአዲሱ ገበያ አድርገን ዳገቱን ስንያያዘው አየሩ ተለወጠ። የሱሉልታ ብርድ ቀልድ አያውቅም፤ ፀሐይ ወጥቶ እንኳ ጣት ያደነዝዛል። ከዳገቱ ወዲያ ሜዳው ወለል አለ። ባሕር ዛፍ፣ ያላለቁ ፎቆች፣ መሃል አስፋልት ላይ የሚነዱ ሰንጋዎች፣ እንደገና ያላለቁ ፎቆች። መንገድ ዳር ጨጨብሳ በማር በላን። ጨጨብሳው ግሩም ነው፣ ዋጋው የቦሌ ነው፣ ወንበሩ ግን አንድ እግሩ አጭር ነው።

መታጠፊያው

የውድድሩ መንገድ በአዳዲስ ቤቶች መሃል የሚዞር አስፋልት ነው። ግራና ቀኙን አሮጌ ጎማና ጭድ የጠቀጠቁበት ጆንያ ደርድረውበታል። ፌቨን በእግር አዞረችኝ። ከሁሉ የሚያስፈራው የመጨረሻው መታጠፊያ ነው። ልጆቹ ቁልቁል እየበረሩ ይመጡና ድንገት ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። ፊት ለፊት ግን መንገዱ አያልቅም፤ አንድ ቅያስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቅያሱ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ነው። ፍሬን እምቢ ያለው ልጅ ልታጠፍ ብሎ አይታገልም፣ ቀጥ ብሎ እዚያ ይገባና በራሱ ጊዜ ይቆማል።

ወሬ አይደለም፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ዕለት ከሰዓት ሲለማመዱ ሁለት ልጆች ተራ በተራ መታጠፍ አቅቷቸው ቅያሱ ውስጥ ገቡ። እየሳቁ መኪናቸውን አዙረው ተመለሱ። 

ከዚያ ማጣሪያው መጣ። አንድ አንድ እየሆኑ ሰዓት እየተያዘላቸው ይነዳሉ፣ ፈጣኑ በማግስቱ ከሁሉ ፊት ይነሳል። ፌቨን አንደኛ ወጣች። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ከፊት ተነስታ አታውቅም። ኦቦ ለሚ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አጠለቁ፣ እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። ሱሉልታ ፔንሲዮን ይዘን፣ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበን አደርን።

እሁድ፣ እንግዳው

ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጀመራል የተባለው አልተጀመረም። ለምን? የክብር እንግዳው ገና አልመጡም። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ። መታጠፊያው አጠገብ፣ ጥሩ ይታያል ተብሎ፣ ድንኳን ተተክሏል፤ ውስጡ ሶፋና የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ልጆቹ ግን ያን ወፍራም ልብስ ለብሰው አስፋልት ላይ ፀሐይ ይጠብሳቸዋል። ከድንኳኑ ለልጆቹ ውሃ ልውሰድ ብል ለእንግዶች ነው ተባልኩ። የማን ውድድር ነው ጃል?

ለቀትር ጥቂት ሲቀር እንግዳው መጡ። ከፊት ከኋላ አጃቢ፣ መብራቱ ቦግ እልም፣ አራት ትልልቅ ነጫጭ መኪኖች። ሰዎቹን ድንኳኑ ጋ አወረዱና ማቆሚያ ፈለጉ። የት አቆሙ? እዚያ ቅያስ ውስጥ፣ የባሕር ዛፍ ጥላ ስላለው፣ ጥርቅም አድርገው ዘግተው!

ልጆቹ ከመነሳታቸው በፊት ዝግ ብለው አንድ ዙር ይዞራሉ። ፌቨን ከዚያ ዙር ስትመለስ ሞተሯን አጥፍታ ሄልሜቷን አወለቀች። የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ክራባት ያሰረና ደረቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው፣ ምን ሆንሽ እያለ እየሮጠ መጣ። መኪኖቹ ይነሱ አለችው።

"እንግዳው እኮ ገና መቀመጣቸው ነው" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አሁን መኪናዎን ያንሱ ይባላል? ምንም አይሆንም። እዚያ ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉ።"

ውድድር ላይ ቀስ በሉ! እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ተውኩትና ቀጥታ ወደ ቅያሱ ሄድኩ። የመጀመሪያው መኪና ሹፌር ወንበሩን አስተኝቶ ስልኩን ይነካካል። አለቃዬ ሳያዙኝ አላንቀሳቅስም አለኝ። ደህና፣ አለቃው እዚያው ናቸው ብዬ ወደ ድንኳኑ ስሄድ አንድ ሱፍ የለበሰ ወጣት እጁን ዘርግቶ አቆመኝ።

"እናቴ፣ ስለ መኪና ለእሳቸው አይነገርም" አለኝ። "ያሳፍራል።"

እንግዳው ከልጁ ትከሻ ወዲያ ይታዩኛል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን፣ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላም አሉኝ። ደግ ፊት ነው ያላቸው። ቢነገራቸው ኖሮ "በሉ ቶሎ አንሱት" ይሉ እንደነበር እምላለሁ። የሚነግራቸው ጠፋ እንጂ! ይሄን ሁሉ ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር አስፈራችው፣ ልጆቹ በዚያ ፍጥነት መብረራቸው ግን አላስፈራውም። አንጀቴ እርር ነው ያለው።

ስመለስ ሰው ፌቨንን ከቧታል። ከእንጦጦ በኩል ደመና መጣ፣ ዝናብ ሊያበላሽብን ነው ይላሉ። አንዲት እናት፣ የራሷ ልጅ እዚያው መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ ካልፈለገች ትውጣ እንጂ ለምን ታዘገየናለች አለች። ልናገራት አፌን ስከፍት ኦቦ ለሚ ክንዴን ያዙኝ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ለፌቨን ብቻ ተናገሩ።

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ መኪናዋ ያንቺ ናት" አሏት። "ብትነጂም አልቀየምሽም፣ ብትተዪም አልቀየምሽም።"

ፌቨን ወደ ሌሎቹ ልጆች ዞራ እናንተም አትንዱ አለቻቸው። አንዱም ቀና ብሎ አላያትም። እሷም ወደ ሰብሳቢው ዞረች።

"ካልተነሱ አልነዳም" አለችው።

"እንግዲያው ቦታሽን ልቀቂ" አላት።

እኔና ኦቦ ለሚ መኪናዋን ከኋላ እየገፋን ከመስመሩ አወጣናት። ሁለተኛ የነበረው ልጅ ወደ ፊት ተጠጋ። ባንዲራው ተውለበለበ፣ ሄዱ፤ እኛም መታጠፊያው አጠገብ ቆመን አየናቸው።

ምንስ ሆነ ብትሉኝ ምንም አልሆነም። ዙራቸውን ጨረሱ፣ ሁሉም በደህና ገቡ፣ ዝናቡም ጠበቃቸው። እንግዳው ስለ ወጣቶች ተስፋነት ተናግረው፣ ዋንጫ ሰጥተው፣ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ። ሰብሳቢው በአጠገባችን ሲያልፍ ቆም አለና፣ እንደ ማጽናናት ባለ ድምፅ፣ "አያችሁ? ምንም አልሆነም እኮ" አለን። እስከ ዛሬ በሙግት ተረትቼ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ያልደረሰ አደጋ ምስክር ሆኖብኝ ተረታሁ።

ወደ ቤት

ዳገቱን ስንወርድ ዝናቡ ለቀቀው። አዲሱ ገበያ ስንደርስ ፌቨን ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ አለቀሰች፣ ሶፍት አቀበልኳት። ቡራዩ መኪናዋን አወረድን። ኦቦ ለሚ ሸራ አልብሰዋት፣ ለፌቨን እንደ ወትሮው ነይ እንጂ ብቻ ብለው ሸኙን። ሰበታ የገባነው መብራት ሲበራ ነው።

ወንድሜ ቀድሞን ገብቶ እራት ይዟል። ስንተኛ ወጣሽ አላት። እኔ ቀድሜያት ጀመርኩ፣ ከድንኳኑ እስከ ክራባቱ አንድ ሳላስቀር አወረድኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ወደ እሷ ዞረ።

"የነዱትስ ልጆች ምን ሆኑ?"

"ምንም አልሆኑም።"

"ታዲያ አንቺም ብትነጂ ምን ነበር?" አለ። ክፋት አይደለም፤ ስለ እሷ ቆጭቶት ነው።

ፌቨን ቁራሿን ትሪው ላይ መለሰች። "ምንም ባለመሆናቸው ደስ ብሎኛል፣ አባዬ" አለችው። "አንድ አንዳቸው ያን መታጠፊያ ባለፉ ቁጥር ተመስገን እል ነበር።"

እኔ አፈርኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር ካለ እዚያች ትሪ ላይ ነው የተማርኩት። አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ እኔ የማስበው ሌላ ነበር፤ ከልጆቹ አንዱ ትንሽ ብቻ ቢስት፣ የአንዱ ነጭ መኪና በር ቢጨረመት፣ ያ ሰብሳቢ አፉ ቢያያዝ እያልኩ ነበር። እሷ ግን ቦታዋን ለወሰደባት ልጅ ሳይቀር ተመስገን ትላለች።

ይቺን ልጅ ነው ቦታሽን ልቀቂ ያሏት።