ሦስት ጊዜ የተነገረ ሕልም

ልጅ ሳለሁ፣ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን፣ ተረት የሚነግሩን የአባቴ አጎት አባባ ጥላሁን ነበሩ። ቀን ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ሲሠሩ ይውሉና አመሻሽ ላይ ከኩበቱ ፍም አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ያኔ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ እሳቸው ከተረቱ መሀል ድንገት ዝም ሲሉ የቀረውን እኛ ልጆች እንቀጥል ነበር።

ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ቀን ሲቀረኝ ጥርሴ ሲወልቅና ወንዝ ሲወስደኝ በሕልሜ አየሁ። ጠዋት ለእናቴ ነገርኳት። ጥርስ መውለቅ የዘመድ ሞት ነው ብላ ስለምታምን ፊቷ ተለወጠ።

«ወንዝ ተሻግረሽ የትም አትሄጂም» አለች። ፈተናው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነበር።

ያን ዕለት ምሽት አባባ ጥላሁን ከእናቴ ሰምተው ኖሮ፣ ተረቱን ትተው ሕልሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አስደገሙኝ።

«መጀመሪያ ጥርሱ ወለቀ ብለሽ ነበር። አሁን ወንዙን አስቀደምሽው። የቱ ነው?»

አሰብኩ፤ አላውቅም። ያየሁት ቁርጥራጭ ነበር፤ «ከዚያ» እና «ስለዚህ» እያልኩ የቀጣጠልኩት እኔው ነኝ።

«የትኛው ጥርስ ነው የወለቀው?»

«ይሄ የሚያመኝ።»

«ወንዙስ?»

«እፈራዋለሁ። ሰኔ ነው፣ ይሞላል።»

ወደ እናቴ ዞሩ። «ጥርሷን አሟታል፣ ወንዙን ፈርታለች። ሕልም እንደ ፈቺው ነው፤ እኔ ፈትቼዋለሁ፣ ትሂድ።»

እናቴ ፍሙን በአመድ ዳፈነች። በፈተናው ዕለት ማለዳ ውሃው ጉልበቴን አልፎ ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ ተሻገርኩ።

የማለፌ ወሬ ሳይደርሰን፣ ነሐሴ ላይ አባባ ጥላሁን አረፉ። «ይኸው ጥርሱ» አለች እናቴ፣ ከልቅሶው መሀል። ለቀናት ከሰው አልተቀላቀልኩም፤ የገደልኳቸው እኔ መሰለኝ። ኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከፋሲካ ጀምሮ ይስሉ ነበር፣ ሕልሙን ያየሁት ሰኔ ነው። እናቴም በሐዘኗ ያገኘችውን ቁርጥራጭ እንደኔው ቀጣጥላዋለች።

ከአርባቸው ማግስት መሐል ሜዳ ከተማ ገብቼ እንደምማር ነገርኳት። ተነስታ ስንቄን ራሷ ቋጠረችልኝ።

አሁንም ክፉ ሕልም ሳይ እፈራለሁ። ፈርቼም ቢሆን ወዳሰብኩበት እሄዳለሁ።