የመሪጌታው ልጅ ከስማዳ የወጣችበት መንገድ

ለዚህ ጉዞ ያነሣሣኝ አንድ ባዶ ወንበር ነው። ከትንሣኤ በዓል በኋላ ትምህርት ሲጀመር ተማሪዎቼ ሁሉ ሲመለሱ ጥሩወርቅ ቀረች። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ንፋስ መውጫ የተላክሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ እሷ ከስምንተኛ ክፍል ጎበዞቼ አንዷ ናት። አባቷ መሪጌታ ይኄይስ «የተማረችው ይበቃታል» ብለው ለበዓሉ የሄደችበት ስማዳ አስቀርተው ለአንድ ዲያቆን ሊድሯት እንደሆነ ሰማሁ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ከቀረች ሁለተኛ ደረጃ የሚባል ነገር አከተመ።

ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል። ቢሆንም ሌላ የሚሄድላት ሰው አልነበረም።

ቁልቁለቱ

በማለዳ ተነሣን። መንገድ የመራኝ ጨው ጭኖ እስከ እስቴ የሚነግደው ጋሽ ሰይድ ነው። ጉና ከኋላችን ደመና ተከናንቦ ቀረ። ገበሬዎቹ ለገብስ እያረሱ ነበርና የበሬ ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ከተረተር ተረተር ይደርሳል። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ነጠላዬ ከበደኝ።

«መሪጌታውን ምን ልትያቸው ነው?» አለኝ ጋሽ ሰይድ።

«እለምናቸዋለሁ።»

«በዚህ ድምፅ? ከማለዳ ጀምሮ ስታወሪ እኔ ቀርቶ አህያዬ እንኳ ጆሮዋን አላቆመችም!»

ሳቅኩ። ሳቄም አልተሰማ ይሆናል።

ቤተ ልሔም

ቤተ ልሔም ያደርነው የቤተ ክርስቲያኑ ጎረቤት ከሆኑ አንዲት መነኩሲት ቤት ነው። ለማደሪያ ልክፈል ብል «እግዜርን ልታስከፍዪው ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ጠዋት የድጓ ተማሪዎች በየዛፉ ሥር ተቀምጠው ያዜማሉ። አንዱን ጎልማሳ ተማሪ ስለ መሪጌታ ይኄይስ ጠየቅሁት።

«ድጓ እዚሁ ነው ያስመሰከሩት» አለኝ። «ጥያቄ ይወዳሉ። መልሱ ሲጠፋህ ‹አልደረስኩበትም› ካልክ ያስተምሩሃል። ከቀጠፍክ ግን በመቋሚያ ነው የሚያስወጡህ።»

ልቤ ይበልጥ ፈራ።

ስማዳ

ጋሽ ሰይድ ከመሪጌታው አጥር ደጅ አድርሶኝ ወደ እስቴ ቀጠለ። የጥሩወርቅ እናት ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ እግሬን አጠቡኝ። ወዲያው የገብስ እንጀራና በቅቤ ያበደ ሽሮ ቀረበ። ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ሆኖም መሪጌታው የዝንብ ጭራቸውን ይዘው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሲያዩኝ እጄን ወደ ማዕዱ መዘርጋት አፈርኩ።

«በልቻለሁ» አልኩ።

«በሞቴ!» አሉ እናቷ ጉርሻ ጠቅልለው።

«ይቅርብኝ፣ እማማ።»

«አፈር ስሆን! ይህን ሁሉ አገር አቋርጠሽ?»

አሁንም አንገቴን ነቀነቅኩ። ያን ጊዜ እናቷ የዘረጉትን እጅ ሰብስበው ባላቸውን አዩ። መሪጌታው ጭራቸውን መሬት አስቀመጡ።

«በይ ተናገሪ። እህል እንቢ ያልሽበት ጉዳይ ምንድን ነው?»

በአገሩ ልማድ አቤቱታ ይዞ የመጣ ሰው ልመናው ሳይፈጸምለት የቤቱን እህል አይቀምስም። ባለቤቱም እንግዳውን ጦሙን ከመስደድ ብዙ ነገር ይሰጣል። እኔ አፍሬ እንጂ አስቤበት አልነበረም። ግን ማፈሬን ከማስረዳት መለመኑ ቀለለኝ።

«ጥሩወርቅ ትፈተንልኝ፣ የኔታ። ስለዚህ ነው የመጣሁት።»

መሪጌታው ተነፈሱ። «ከባድ ነገር ያዝሽብኝ። ልጄን የምሰጠው ለምን ዓይነት ቋንቋ ነው? የፈረንጅ ቋንቋ ደረቅ ነው፣ የገበያ ነው። በግዕዝ ለመውጣት ብቻ ስንት አለን! ወፅአ አለ፣ ሖረ አለ፣ ፈለሰ አለ፣ አምሰጠ አለ። እነሱ ‹ጎ› ብለው ይገላገሉታል።»

«አይገላገሉትም፣ አባባ!» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ።

«ኧረግ! ነይ ውጪና እንስማሽ።»

ጥሩወርቅ እጇ ሊጥ እንደያዘ ወጣች።

«እንግዳ ጊዜው ደርሶ ሲነሣ?»

«ዲፓርት።»

«እስረኛ ሰንሰለቱን በጥሶ?»

«ኢስኬፕ።»

«አምሰጠ» አሉ ለራሳቸው፣ አንድ ጣት አጥፈው። «የተሸነፈ ጦር ወደ ኋላው?»

«ሪትሪት።»

«ሹመቱን በቃኝ ብሎ?»

«ሪዛይን።»

«አገሩን ጥሎ?»

«ኤሚግሬት።»

«ፈለሰ።» ሌላ ጣት አጠፉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እስራኤል ከግብፅ?»

«ኤክሶደስ።»

መሪጌታው ብድግ አሉ። «ዘፀአትን ለብቻው አስቀምጠውታል?»

«መጽሐፉንም በዚሁ ነው የሚጠሩት፣ አባባ።»

እናቷ እልል ሊሉ ሲቃጣቸው መሪጌታው «ቆይ!» አሉ። «ነፋስ የሚወጣበትስ? የምትማሪበት አገር ስም ነው፤ ይህን ካላወቅሽ ምኑን ተማርሽው?»

ጥሩወርቅ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አንድ ነገር ገጣጥሞ ማለት ቀላል ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ማን ያውቅብናል?

«አልደረስኩበትም፣ አባባ» አለች።

«መምህርቷስ?»

«እኔም አልደረስኩበትም፣ የኔታ» አልኩ። ድምፄ እስከ ደጅ ተሰማ።

መሪጌታው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ስትቀጥፉ ልይዛችሁ ነበር ያጠመድኩት! እንዲህ ከሆነ ትምህርት ነው፤ ሂጂ ልጄ፣ ተፈተኚ። ዲያቆኑም ቢሆን ገና ድጓውን አልዘለቀም፤ እሱም ይማር። አንቺም እንግዳዬ፣ አሁን ብዪ፤ የሰው ቤት አታሳቅቂ።»

ሁለት እንጀራ ጨርሼ ሦስተኛውን ስቆርስ ጥሩወርቅ ጆሮዬ ሥር መጣች። «እትዬ፣ በልቻለሁ ብለው አልነበር?»

መልስ

ከጥሩወርቅ ጋር ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ወንዙን የተሻገርነው ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ አንዳችን ሌላዋን ደግፈን ነው። መሀል ውሃው ላይ ድንገት ትዝ አለኝ።

«ቬንት!» ብዬ ጮህኩ። «ነፋስ የሚወጣበት ቬንት ነው!»

«ዝም ይበሉ እትዬ፣ አባባ ከሰሙ ሌላ ይጠይቃሉ!»

ንፋስ መውጫ የደረስነው በፈተናው ዋዜማ፣ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ሆነን ነው። ጥሩወርቅ ተፈተነች። ውጤቱ በክረምት ሲደርስ መሪጌታው ራሳቸው በዝናብ መጥተው ከትምህርት ቤቱ ደጅ ቆመው ነበር። ስሟን ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ አልፋለች፣ ያውም ከሁሉ በልጣ። ደግመሽ አንብቢው አሉኝ። ደግሜ፣ ይበልጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ፣ አንዲትን ልጅ ከቤቷ ለማውጣት በሯን መስበር እንደማያስፈልግ ነው። በሩን የሚከፍተው ሰው በሚወደው ነገር መጠየቅ አለበት፤ መሪጌታው የሚወዱት ደግሞ ዕውቀት ነበር።

መስከረም ጠብቶ ሁለተኛ ደረጃ ሲከፈት ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ዳር ሸኘኋቸው። መሪጌታ ይኄይስ ጥምጥማቸውን አሳምረው በባዶ እግራቸው በቅሎ ይስባሉ። የሚያገኛቸው ሰው ሁሉ እየቆመ ይመለከታል፤ በቅሎዋ ላይ የተቀመጠችው ልጃቸው ናትና።